«ግፋ አንኳኳ» ምን ማለት ነው?

አስተርጓሚው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቻይናዎች ጋ ነው የምሠራው። ትናንት የተረጎምኩትን ውል አለቃዬ አየት አደረገና «ትዌይቺያው አድርገው» ብሎ መለሰልኝ። ስልኬ ላይ ፈለግኩት። የመጀመሪያው ፊደል «መግፋት»፣ ሁለተኛው «ማንኳኳት» ይላል። ውል እንዴት ነው የሚንኳኳው? የምታውቁ እስቲ።

ጨዋታ_አዋቂ፦
ሳታንኳኳ ነዋ ቢሮው የገባኸው!

የሺያን_ተማሪ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ውሉ አልተጣለም። ቃሉን አንድ በአንድ መዝነው ነው ያለህ።

ነገሩ የመጣው ከታንግ ዘመን ባለቅኔ ከጂያ ዳው ነው (እ.ኤ.አ. 779–843)። ሰውዬው መነኩሴ የነበረ ነው። ከሰው ርቆ ስለሚኖር ሊ ኒንግ ስለሚባል ሰው ቤት ግጥም ይጽፋል። «ወፎች በኩሬው ዳር ዛፍ ላይ ሰፍረዋል፤ መነኩሴው በጨረቃ በሩን...» ይልና ይቆማል። ይገፋል ልበል ወይስ ያንኳኳል? እንደሚተረከው፣ አህያው ላይ ሆኖ አየሩን አንዴ እየገፋ አንዴ እያንኳኳ በቻንግአን መንገድ ሲሄድ የአንድ ሹም አጀብ መሀል ዘው አለ። ሹሙ የከተማዋ ገዥ ሃን ዩ ነው፤ እሱም ራሱ ትልቅ ጸሐፊ። ይቀጣዋል ሲባል አብሮት ማሰብ ጀመረ! ቆይቶም «ማንኳኳት ይሻላል» አለ።

ቻንግአን የዛሬዋ ሺያን ናት፤ እዚያ ነው የተማርኩት። አስተማሪያችን ዓይናችንን አስጨፈነችንና ጠረጴዛውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገች። ክፍሉ ምን ያህል ጭር ብሎ እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ጎጃሜው፦
ጥሩ ተረክህ። ግን ሲያንኳኳ ወፎቹ አይነሱም? ቅኔ ቤት ብትሆን መምህራችን ይቺን አያሳልፏትም ነበር።

የሺያን_ተማሪ፦
ጋሼ፣ ጁ ጓንግቺየን የሚባል የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅም ልክ እንደዚህ ነው ያለው። «መግፋት» ከሆነ መነኩሴው ብቻውን ነው፣ በሩንም ራሱ ዘግቶት የሄደ ነው። «ማንኳኳት» ከሆነ ግን ውስጥ የሚከፍትለት ሰው አለ። በአንድ ግስ ቤቱ ሰው ይኖረዋል ወይ ባዶ ይሆናል። እኔ አሁንም ከሃን ዩ ጋር ነኝ።

አስተርጓሚው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ውሉን እንደገና ቁጭ ብዬ አየሁት። አራተኛው አንቀጽ ላይ «ያስረክባል» ማለት ሲገባኝ «ያቀርባል» ብያለሁ። ለካ እሷን ነው ያያት።