«ኤልቪስ» ፊልም ተመልካቹን ለሁለት ከፈለው፤ ውይይቱን ከየት እንጀምር?

ቱሉዲምቱ_ሲኒማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ባለው የወጣት ማዕከል ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ የተሠራውን የ2022ቱን «ኤልቪስ» አሳየን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፤ ተመልካቹ ተቧደነ። ግማሹ «የጥቁሮችን ዘፈን ሰርቆ የከበረ ነጭ ነው፣ ፊልሙ አንጽቶ አቀረበው» ይላል። ሌላው «እንዲያውም ባለውለታዎቹን አሳይቷል» ባይ ነው። መጨረሻ ላይ ነገሩ ወደ እኛው ዘር ቆጠራ ሊዞር ምንም አልቀረውም። ቅዳሜ ለውይይት አንድ ሰዓት ተኩል አለን። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ስለሆነ መድገም አይቻልም። ምን ትላላችሁ?

ካሴት_ሰብሳቢ፦
በፊልሙ ሳይሆን በዘፈኖቹ ጀምሩ። አራት ቅጂ ይበቃል፦ «ዛትስ ኦል ራይት» በጥቁሩ ዘፋኝ በአርተር ክሩደፕ (1946) እና በኤልቪስ (1954)፤ «ሃውንድ ዶግ» (አዳኝ ውሻ ማለት ነው) በጥቁሯ ዘፋኝ በቢግ ማማ ቶርንተን (1952 ተቀርጾ 1953 የወጣው) እና በኤልቪስ (1956)። ተደምረው ከ12 ደቂቃ አያልፉም። የማን እንደሆነ ሳትናገሩ አሰሙ። በመጀመሪያው ጥንድ ሰው ይሳሳታል፤ ድራም ያለው የክሩደፕ ነው፣ የኤልቪሱ ላይ ጊታርና ቤዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥንድ ለእኛ ጆሮ ይጥማል። ቶርንተን የምትዘፍነው ሴት ላይ ተጠግቶ ስለሚበላ ወንድ ነው፤ ውሻው ቅኔ ነው። በኤልቪስ ቅጂ ግጥሙ ተቀይሮ ጥንቸል መያዝ ያቃተው የምር ውሻ ሆነ። ወርቁ ወጥቶ ሰሙ ቀረ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ እንደ ካሴት ሽፋን ጻፉት፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ድምፅ። «ሰረቀ» የሚለው እዚህ ጋ ይበታተናል። «ሃውንድ ዶግ»ን የደረሱት ሊበርና ስቶለር የሚባሉ ሁለት ነጭ ወጣቶች ናቸው። ኤልቪስ አዘፋፈኑን የወሰደውም ላስ ቬጋስ ከሰማው የፍሬዲ ቤል ባንድ ነው፤ እነሱም ነጮች ናቸው። ክሩደፕ ግን የምር ተበድሏል፤ ለገዛ ድርሰቱ የሚገባውን ክፍያ ሳያገኝ በ1974 ሞተ፣ ገንዘቡ መብቱን በያዙት ሰዎች እጅ ቀረ። ጥቁሩ ኦቲስ ብላክዌል የደረሰው «ዶንት ቢ ክሩል» ላይ ደግሞ የኤልቪስ ስም በደራሲነት ገብቷል። «ሰረቀ» ባዮች ያላቸው ጠንካራ ማስረጃ ይሄ ሆኖ ሳለ ማንም አያነሳውም!

አማርኛ_ንዑስ_ጽሑፍ፦
የጸቡ ግማሽ ያለው ቃሉ ላይ ነው። የእንግሊዝኛውን «ሬስ» «ዘር» ካላችሁት እዚህ ሰው የሚሰማው ብሔር ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከኤልቪስ ከተማ ከሜምፊስ ወጥታችሁ ሰፈር ትገባላችሁ። «የቆዳ ቀለም» በሉት። «ሴግሪጌሽን»ን ደግሞ «ጥቁርና ነጭን በሕግ የመለየት ሥርዓት»፤ ይረዝማል፣ ግን አያጣላም። መክፈቻው ላይ ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ አስረዱ፦ ኤልቪስ በ1935 በተወለደባት በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት ትምህርት ቤቱ በሕግ የተለየ ነበር፤ በሕዝብ መገልገያዎች መለየትን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1964 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ኤልቪስ የሜምፊስ ጥቁሮች የሙዚቃ ሰፈር በሆነው ቢል ስትሪት ላይ ከጥቁሩ ዘፋኝና ጊታሪስት ከቢቢ ኪንግ ጋር መቀመጡ ምን እንደሚያስገርም አይገባውም።

ስክሪፕት_አንባቢ፦
ካሴት ሰብሳቢ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ያጣላው ፊልሙ እንጂ ኤልቪስ ብቻ አይደለም። ተራኪው ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ፓርከር ነው፤ ለእሱ ሁሉም ነገር ገበያ ነው። ጥቁሮቹ ዘፋኞች ቶርንተን፣ ሊትል ሪቻርድ፣ ቢቢ ኪንግ በኤልቪስ መንገድ ላይ ብቅ ይላሉ፣ ያልፋሉ። የራሳቸው ጉዳይ ያላቸው ስንት ትዕይንት ላይ ነው? ተመልካቹ ራሱ ይቁጠር። ሁለት ቅንጭብ ቁረጡ፦ ልጁ ኤልቪስ ክሩደፕን አጮልቆ አይቶ ወደ ድንኳኑ አምልኮ የሚሮጥበትን፣ እና የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት በ1968 የቴሌቪዥን ዝግጅቱን በ«ኢፍ አይ ካን ድሪም» የሚዘጋበትን። ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ይሁን፦ ካሜራው የሚቆየው የማን ፊት ላይ ነው?

ኤልቪስ ጥቁሮችን ሰድቧል የሚባለው ወሬ ከተነሳ፣ ጄት የተባለው የጥቁሮች መጽሔት በ1957 አጣርቶ ማስረጃ እንዳላገኘ ተናግራችሁ እለፉ።

ቱሉዲምቱ_ሲኒማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ድምፁስ? ያለን የሠርግ ስፒከር ነው፣ የ1946ቱ ይታፈናል።

ካሴት_ሰብሳቢ፦
ቅጂው ሞኖ ነው፣ በሁለቱም ስፒከር የሚወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ አንዱን ስፒከር ብቻ ክፈቱ። ቤዙን ቀንሱ፣ ኢኮውን ጭራሽ አጥፉ፤ ከሠርግ እንደመጣ ተከፍቶ ይቀራል። ከእጅ ወደ እጅ ሲላክ የተጨመቀ ፋይል አትጠቀሙ። አራቱንም በአንድ የድምፅ ከፍታ አስተካክሉ፤ ካልሆነ ሰው ጮክ ያለውን ነው የሚመርጠው። መብራት ከሄደ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ለአራቱ ዘፈን ይበቃል፤ ማታውኑ ቻርጅ አድርጉት።