ከካውቦይ ፊልም የቱን ትወዳላችሁ? ምኑንስ?

የጠባሴው ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት የአክስትና የአጎት ልጆች ተሰብስበን ፊልም እናያለን። በዚህ ብርድ ሌላ ምን ይሰራል? ጋቢ ተከናንቦ ቡና እየጠጡ ፊልም ማየት ነው እንጂ። መራጩ እኔ ነኝ፤ ፊልሙ ሲቀሽም የምሰደበውም እኔው ነኝ። ካውቦይ እንይ ባልኩ ቁጥር አንዷ የአክስቴ ልጅ "አቧራና ተኩስ ነው፣ አክተሩ ደግሞ አይሞትም" ትልና ቤቱን በሙሉ ወደ ህንድ ፊልም ታዞርብኛለች። ከምከራከራት ፊልሙ ራሱ ቢመልስላት ይሻላል ብዬ ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት።

መጀመሪያ የኔን ልናገር። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1966 የሰራው "ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ" ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መጨረሻ ላይ መቃብር ቦታው መሃል ያለውን ክብ ሜዳ ያስታወሰ ይመስክር። ሶስት ሰው በሶስት ማዕዘን ይቆማል። ማንም ትንፍሽ አይልም። ካሜራው ከሩቅ ይጀምርና ይቀርባል፣ እጅ፣ ሽጉጥ፣ ዓይን፣ እንደገና እጅ፣ እንደገና ዓይን፤ የኤኒዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ ከስር እየጋለ ይሄዳል። ተኩሱ ሲመጣ ዓይን ሳትጨፍን ያልቃል። ለኔ ጣዕሙ ያ መጠበቁ ነው፤ ጥይትማ የትኛውም ፊልም ላይ ይንጣጣል።

እናንተስ? እባካችሁ ስም ብቻ ጥላችሁ አትሂዱ፣ ምኑን እንደወደዳችሁት ጻፉልኝ። ሶስት መርጬ ፍላሽ ላይ እጭናለሁ።

ቆላ ወረድ፣ ሸዋ ሮቢት

ልክ ብለሃል ወንድሜ፣ ግን ከሱም የባሰ መጠበቅ አለ። የዚያው የሊዮኔን "ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት" (1968) መክፈቻ እይ። ሶስት የታጠቁ ሰዎች ጭር ያለ ጣቢያ ላይ ባቡር ይጠብቃሉ። በቃ ይኸው ነው። ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ሲጠብቁ ታያለህ። የንፋስ ወፍጮው ሲጥ ሲጥ ይላል። የአንዱ ፊት ላይ ዝንብ ታርፋለች፤ እጁን ማንሳት ደብሮት በከንፈሩ እፍ እያለ ይታገላታል፣ በኋላ በሽጉጡ አፈሙዝ ግድግዳ ላይ ይይዛትና ውስጥ ስትጮህ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጣል። ሌላው ባርኔጣው ላይ ከላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይልበታል። ቦታ አይቀይርም። ሲጠራቀምለት ባርኔጣውን አውልቆ ይጠጣዋል። እኔ ይህን ሸዋ ሮቢት በሚያዝያ ሙቀት ተቀምጬ ነው ያየሁት፣ የዝንቧን ነገር ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህን ፊልም ሙዚቃ ሞሪኮኔ ቀረጻው ሳይጀመር ነው የደረሰው፤ ሊዮኔ ሲቀርጽ እዚያው ያስከፍተው ነበር፤ ተዋናዮቹ አረማመዳቸው ከዜማው ጋር የሚሄደው ለዚያ ነው። ደግሞ ሄንሪ ፎንዳ አለ። ዕድሜ ልኩን ደግ ሰው ሆኖ ሲጫወት የኖረ ሰውዬ እዚህ ህጻን የሚገድል አውሬ ሆነ። ሰማያዊ ዓይኑን በቡናማ ሌንስ ሸፍኖ ቢመጣ ሊዮኔ አስወለቀው፣ ሰው ያንን የሚያውቀውን ዓይን አይቶ እንዲደነግጥ ነው የፈለገው። ደነገጥን!

ያንተኛው ፊልም ላይ ያለውን ድልድይ ደግሞ ሁለቴ ነው ያፈነዱት። መጀመሪያ ካሜራው ሳይነሳ አንድ የስፔን ጦር መኮንን በስህተት አስተኮሰውና እንደገና ገነቡት። አሜሪካ የምትመስለን አገር እኮ ስፔን ናት። ጣልያን በሰው አገር ስራ ይወዳል፤ ጣርማ በር ላይ ዋሻ በሳ፣ ስፔን ላይ አሜሪካን ሰራ።

ባለፈረሱ፣ መንዝ

እኔ ፈረስ ቤት ስላደግሁ እነዚህን ፊልሞች ማየት ይከብደኛል። ፈረሱ አይደክምም፣ አያልበውም፣ ውሃ አይጠይቅም። ከጠዋት እስከ ማታ በግልቢያ! የኛ አገር ፈረስ በዚያ ዓይነት አንድ ጋራ ከወጣ በኋላ ወርደህ ካልጎተትከው፣ ሶምሶማ ካላደረግከው፣ ኮርቻውን ፈትተህ ጀርባውን ካላሸኸው ነገ አይነሳልህም። እነሱ ግን ወርደው ልጓሙን እንጨት ላይ ጣል አድርገው አረቄ ቤት ይገባሉ፣ ሲወጡ ፈረሱ እንደ አዲስ ነው።

ስለዚህ የኔ ፊልም "አንፎርጊቭን" ነው፣ ክሊንት ኢስትውድ በ1992 ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ራሱ የተጫወተበት። ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ኦስካር ወስዷል። ኦስካሩን ተወው ግን። እዚያ ያለው ሰውዬ ድሮ ነፍሰ ገዳይ የነበረ፣ አሁን አሳማ የሚጠብቅ፣ ጭቃ ላይ የሚንከባለል ሽማግሌ ነው። ፈረስ ልውጣ ሲል ፈረሱ እምቢ ይለዋል። አንድ እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ በሌላው እየዘለለ ይዞራል፣ ይወድቃል፣ ልጆቹ ቆመው ያዩታል። ድሮ ከብት ስበድል የነበረውን ነው የምከፍለው ይላቸዋል። ከዚያ ጣሳ አቁሞ በሽጉጥ ይተኩሳል፤ ሳተ። ሳተ። አሁንም ሳተ። ቤት ገብቶ ትልቁን ጠመንጃ ይዞ መጣና ጣሳውን አበነነው። እኔ እዚህ ጋ በሳቅ ሞቻለሁ። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ግን ሳቁ የለም። ሰው መግደል ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያሳይህ። ጀግና ነኝ እያለ ሲፎክር የነበረው ወጣት አንድ ሰው ሽንት ቤት ተቀምጦ ሳለ ከገደለ በኋላ እንዴት እንደሚሆን እይ። ፉከራው የት እንደገባ እንጃ።

ሽሪፉን የሚጫወተው ጂን ሃክማን ነው። ቤቱን በገዛ እጁ ይሰራል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት የለውም። ክፉ ሰው ነው፣ ግን አናጢነቱን ስታይ ታዝንለታለህ።

የአንኮበሯ

ወንዶች ሽጉጥና ፈረስ ብቻ ታያላችሁ። ጠያቂው፣ የአክስትህ ልጅ እውነቷን ነው። ያ የምትወደው ፊልም ወደ ሶስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሴት ግን ቁጭ ብላ የምትናገርበት ትዕይንት በጣት የሚቆጠር ነው። ለሷ ከሆነ ቆላ ወረድ የጠቀሰውን አሳያት፣ ግን ለዝንቧ ሳይሆን ለክላውዲያ ካርዲናሌ። ባሏ ተገድሎ ትደርሳለች፤ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ምንም የሌለበት። ሰው ሁሉ ለምን እንደሚያሳድዳት ቀስ እያለ ይገባሃል። ውሃ ያለው እዚያ ብቻ ነው፣ ባቡሩ ደግሞ በእንፋሎት ስለሚሄድ ያለ ውሃ አያልፍም። ሙሉ ፊልሙ የመሬት ክርክር ነው በቃ! ይሄን ያልተረዳ የሸዋ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

ሁለተኛ "ሃይ ኑን"፣ 1952፣ ጥቁርና ነጭ። አትሽሹ። ሕግ አስከባሪው ያን ቀን አግብቶ ስራ ሊለቅ ነው። ያሰረው ወንበዴ ተፈትቶ በእኩለ ቀን ባቡር ሊበቀለው እየመጣ ነው። (ቆላ ወረድ፣ እዚህም ሶስት ሰው ጣቢያ ላይ ይጠብቃል፣ ከሊዮኔ 16 ዓመት ቀድሞ።) ፊልሙ 85 ደቂቃ ነው፣ ታሪኩም ከሞላ ጎደል ያንኑ ያህል ይፈጃል፣ በየግድግዳው ሰዓት ይታያል። ሰውዬው አጋዥ ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራል። አንዱ ሚስቱን ልኮ የለም በይ ይላታል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ ስብሰባው ልክ የኛ ሰፈር ዕድር ነው፤ ሁሉም ይነሳል፣ ሁሉም ያመሰግነዋል፣ ለከተማችን የዋለልን ውለታ ይላል፣ እኔ እሄዳለሁ የሚል ግን አንድ የለም፤ በመጨረሻ ለራስህም ለኛም ስትል ሂድልን ብለው ይሸኙታል። ጋሪ ኩፐር ምንም አይመልስም፣ ፊቱ ብቻ ነው የሚናገረው። በዚህ ኦስካር አግኝቷል።

ቆላ ወረድ፣ ሸዋ ሮቢት

እህቴ ስለ ዕድሩ ገደልሽኝ። ግን ሃይ ኑንን የጠሉም አሉ። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ እንዲህ ያለ ሽሪፍ ሰው ልመና እየዞረ ምኑን ወንድ ሆነ ብሎ በ1959 "ሪዮ ብራቮ"ን መልስ አድርጎ ሰራ፣ ጆን ዌይንን ይዞ። እሱም አሪፍ ነው፤ ግን ሁለቱን ካየሁ በኋላ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። አጋዥ መለመን ነውር አይደለም፣ ለምኖ አጥቶ መቆሙ ነው ያስገረመኝ።

ፊልም አይጠግቤ

ኧረ ሙዱን አከበዳችሁት! ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ነው እኮ። "ትሪኒቲ" (1970) ይጫንልን። ቴረንስ ሂል ሳንቃ ላይ ተኝቶ ፈረሱ እየጎተተው ይመጣል፣ ገብቶ አንድ መጥበሻ ሙሉ ባቄላ በዳቦ ጠርጎ ይበላል፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ቀጥሎ ጥፊ ነው። በድ ስፔንሰር ሰውን አናቱ ላይ በጡጫ ሲመታው መሬት የሚያስገባው ይመስላል። ይሄ ግዙፍ ሰውዬ እኮ ለጣልያን በ1952 እና በ1956 ኦሎምፒክ ላይ የዋኘ ስፖርተኛ ነው። የአክስትህ ልጅ ካልሳቀች ተጠያቂ ነኝ።

የደነባው

ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይለፍ፤ የአገሩ ባለቤት የነበሩት ሕዝቦች በአብዛኞቹ ፊልሞች እየጮሁ መጥተው በጥይት የሚወድቁ ብቻ ናቸው። ጆን ፎርድ በ1956 የሰራው "ዘ ሰርቸርስ" ትልቅ ፊልም ነው፤ ሞኑመንት ቫሊ ላይ ያነሳቸው ቀያይ ዓለቶች ከዓይን አይጠፉም። ኮማንቼ የሚባሉትን ነባር ሕዝብ ሆነው የሚሮጡት ሰዎች ግን የዚያው አካባቢ ናቫሆዎች፣ ሌላ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ አለቃቸውን የሚጫወተው ደግሞ በርሊን የተወለደ ነጭ ነው። ያም ሆኖ ፊልሙ ተንኮለኛ ነው፤ ጆን ዌይን የሚጫወተውን ሰው ጥላቻውን ደብቆ አያሞግሰውም፣ ፊት ለፊት ያስቀምጥልሃል። የተጠለፈችውን የወንድሙን ልጅ ለዓመታት ሲፈልግ ሊያድናት ይሁን ሊገድላት እርግጠኛ አትሆንም። ከሁሉም የያዘኝ እሱ ጥርጣሬ ነው።

ጥቁር ካውቦይም ነበረ፤ የታሪክ ሰዎች ከአራት አንዱ ገደማ ይሆናል ይላሉ። በፊልሙ ስንቱን አየን? ቆላ ወረድ ያወራለት በባርኔጣው ውሃ የሚጠጣው ዉዲ ስትሮድ አንዱ ነው፤ እሱም ከመክፈቻው አያልፍም።

የጠባሴው ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

ተባረኩ። ወሰንኩ፤ መጀመሪያ ሃይ ኑን፣ አጭር ስለሆነ መብራት ሳይሄድ ያልቃል። ቀጥሎ አንፎርጊቭን። ትሪኒቲን ለመጨረሻ፣ ቡናው ሶስተኛ ሲደርስ። የኔን ፊልም ለጊዜው ወደ ኪሴ መልሻለሁ፣ የአንኮበሯ ተናግራብኛለችና። የደነባው፣ ዘ ሰርቸርስን ብቻዬን አየዋለሁ፣ እሱ በጫጫታ መሃል የሚታይ አይመስለኝም።

ቆይ ግን፣ ፈረሱ አለን፣ ጋራው አለን፣ ሽፍታውና ጠመንጃው በየሽማግሌው አፍ አለ። ለምንድን ነው እስካሁን አንድ ሰው ጓሳ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ፊልም የማይሰራው?

የአንኮበሯ

ይሰራ! ግን መሬት የተነጠቀች ባልቴት ትኑርበት፣ ጠመንጃውን እሷ ትያዝ።

ባለፈረሱ፣ መንዝ

ፈረስ እኔ አቀርባለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ አስጋልባለሁ የሚል ዳይሬክተር ካለ ግን ከአሁኑ ይቅርበት፣ በበቅሎ ይቅረጽ።