የአባቴን በገና ስቀዳ የእንዚራው ድምፅ እየጠፋብኝ ነው

ሰላም ወገኖች። ለገጣፎ ዳር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ የአባቴን በገና እየቀዳሁ ነው። አንድ ኮንደንሰር ማይክ (ስስ ድምፅ የሚይዝ)፣ ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ኦዲዮ ኢንተርፌስና ላፕቶፕ አለኝ።

ችግሬ የ50 ኸርዝ የመብራት ጉምጉምታ ነው። በድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር ሳጠፋው የእንዚራው፣ ማለትም ከየአውታሩ ሥር የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ ንዝረትም አብሮ ይሄዳል። ያ እርር የሚለው ድምፅ እኮ የበገና ነፍሱ ነው! ያለ እሱ ዐሥሩም አውታር ተራ ጅማት ይሆናል።

ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅዬ ስቀዳ ጉምጉምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ማይኩን ወደ ድምፅ ሳጥኑ ሳስጠጋ ድምፁ ይታፈናል፤ ሳርቀው የቆርቆሮው ማስተጋባት ይውጠዋል። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ ትንሽ ረድቷል።

በገና የቀዳችሁ ካላችሁ፣ ማይኩን የት፣ በምን ያህል ርቀት ታስቀምጣላችሁ? አባቴ እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ ጣታቸው ሳይደክም አጥርቼ ላስቀርላቸው እፈልጋለሁ።