ባንኮክ ላይ አንድ ደህና ራት፦ የት ይሻላል?

ባንኮክ የሚሄድ ሐበሻ አብዛኛው ለሽርሽር አይደለም የሚሄደው። ወይ ለሕክምና ነው፣ ወይ ዕቃ ሊያመጣ። ስለዚህ የሚያርፈው ናና አካባቢ፣ ሱኩምቪት በሚባለው መንገድ ሶይ (ቅያስ) 3 ዙሪያ ነው። ሆስፒታሉ እዚያ ነው፣ የዓረብ ምግብ ቤቱ እዚያ ነው፣ ፈልጎ ላገኘው እንጀራም አይጠፋም። ሁለት ሳምንት ሩዝ በዶሮ በልቶ ይመለሳል። ከዚያ «የታይ ምግብ እንዴት ነው?» ሲባል «ሽታው አይመችም» ይላል። ሳይቀምሱት ነው እኮ!

እኔም መጀመሪያ የሄድኩት አጎቴን ለማሳከም ነበር። የምርመራው ውጤት ደህና ሆኖ ሲመጣ «ዛሬማ ደህና ቦታ እንብላ» ተባባልን። ፎቶ አይቼ አንድ ውድ ቤት መረጥኩ፤ ስሙን ልተወው። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ሰሃኑ ሰፊ፣ ምግቡ የጣት ጫፍ የምታክል። እያንዳንዷ ስትመጣ አስተናጋጁ ቆሞ ታሪኳን ይነግረናል። አምስተኛው ሰሃን ላይ አጎቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ቅምሻው ደስ ይላል፤ ራቱ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ሂሳቡን ከፍለን ስንወጣ መንገድ ዳር ዕንቁላል ጣል የተደረገበት ሩዝ ገዝተን በላን። እሱን እስከ ዛሬ ያመሰግነዋል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ባንኮክ ውስጥ ውድ የታይ ምግብ ቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሼፉ የወሰነውን በቅምሻ ቅምሻ በተራ የሚያቀርብ ነው። ሌላው ታይዎች ቤታቸው እንደሚበሉት ሩዙን መሃል አድርጎ ሾርባውን፣ ወጡን፣ ሰላጣውን፣ ጥብሱን፣ ማጥቀሻውን ባንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚደረድር ነው። ይህን «ሳምራፕ» ይሉታል። ሁሉም ከመሃል እየጨለፈ ይበላል። መሶብ ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ ማስተማሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ በማንኪያ መበላቱ ነው። ሹካ ምግቡን ወደ ማንኪያው መግፊያ ናት፣ ቢላ የለም።

ቤተሰብ ወይም ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ እንግዲህ የእኔ ምርጫ ብሉ ኤሌፋንት ነው። ሱራሳክ የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የድሮ ቪላ ውስጥ ነው። የሚገርመው፣ ይህ ስም የተጀመረው ባንኮክ ሳይሆን ብራሰልስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ የውጭ ሰው ማስተናገድ ያውቁበታል። «ቱሪስት ይበዛበታል» የሚል ትችት ትሰማላችሁ። ልክ ነው፣ ይበዛበታል። ግን አዛውንት ይዞ ለመጣ ሰው ምቹ ወንበርና የሚገባ ሜኑ ይበልጣል። የማብሰያ ትምህርት ቤትም አላቸው፤ ጠዋት ገበያ ወስደው ከዚያ ምጣድ ላይ ያቆሟችኋል።

ትንሽ ጠለቅ ያለ ነገር ለሚፈልግ ናህም አለ። ሳቶርን መንገድ፣ ኮሞ ሜትሮፖሊታን ሆቴል ውስጥ። የከፈተው በ2010 ዴቪድ ቶምፕሰን የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ ከድሮ የታይ ጽሑፎች አሠራሩን እየለቀመ። ፈረንጅ የታይን ምግብ ለታይ ሊያስተምር መጣ ተብሎ ያኔ ጫጫታ ነበር። ከ2018 ጀምሮ የምትመራው ፒም ቴቻሙዋንቪቪት የምትባል የባንኮክ ልጅ ናት። በ2017 መጨረሻ ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የሚሽለን መመሪያ ባንኮክን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዝን ኮከብ ካገኙት መካከል ናህም አንዱ ነበር። ጣዕሙ ድፍረት አለው፤ ጎምዛዛው ጎምዛዛ፣ የሚያቃጥለው የሚያቃጥል ነው።

ስለ ማቃጠል ካነሳሁ፣ ሶርን። ሱኩምቪት 26 ላይ ያለ የደቡብ ታይላንድ ምግብ ቤት ነው። በ2024 መጨረሻ ሦስት የሚሽለን ኮከብ በማግኘት ለታይ ምግብ የመጀመሪያው ሆኗል። ቦታ ማግኘት ፈተና ነው፤ ቀኑን ሳትቆርጡ አታስቡት። «እኛ ሚጥሚጣ የለመድን ነን» ብላችሁ ደግሞ አትኩራሩ። የእኛ በርበሬ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ተለስልሶ ነው የሚመጣው። የደቡቦቹ እርጥብ ቃሪያ ከእርድና ከጎምዛዛ ጋር አንድ ላይ ሲመጣ እንባ በእንባ ያደርጋል። እኔ ራሴ ተዋርጃለሁ። «ፔት ኖይ» ማለት ትንሽ ብቻ የሚያቃጥል ማለት ነው፤ ሌላው ቤት ይሠራል፣ እዚህ ግን ብዙም አትመኩበት።

ሌ ዱ እና ፖቶንግ ቅምሻ በተራ የሚያቀርቡ ናቸው። ለጥንዶች፣ ለወጣት፣ ወይም ምግብ እንደ ኤግዚቢሽን ማየት ለሚወድ። ሌ ዱ በ2023 ከእስያ ምርጥ ሃምሳ ምግብ ቤቶች ውስጥ አንደኛ የተባለ ነው። ፖቶንግ ቻይናታውን ውስጥ የሼፏ ቤተሰብ ድሮ የቻይና መድኃኒት ይሸጥበት የነበረ ፎቅ ነው። ከሁለቱ ፖቶንግን እመርጣለሁ፣ ለቤቱ ሲባል ብቻ። አጎቴን ግን አልወስደውም።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ጾም። የታይ ምግብ ሲታይ የጾም ይመስላል፤ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ወጡ በኮኮናት ነው። ግን አትሸወዱ። ጨው በሚገባበት ሁሉ የሚገባው «ናም ፕላ» የሚሉት የዓሣ መረቅ ነው። ወጡ የሚነሳበት ድልህ ውስጥ ደግሞ «ካፒ» የተባለ የሽሪምፕ (የትናንሽ የባሕር እንስሳት) ድቁስ አለ። አትክልት ብቻ ያለበት ወጥ እንኳ ከሥሩ ሽሪምፕ ሊሆን ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ሽሪምፑ ግን ሳይነገራችሁ እንዳይገባ።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ «ጄ»። ቬጀቴሪያን ስትሉ ዕንቁላልና ወተት ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። «ጄ» ስትሉ ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዕንቁላልና ወተት ሁሉ ይቀራል፣ ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር። ከቻይና ቡድሂስቶች የመጣ ጾም ነው። መንገድ ላይ ቢጫ ባንዲራ በቀይ ፊደል ካያችሁ እሱ ነው። ውድ ቤቶች ግን ድልሁን አስቀድመው ስለሚያዘጋጁ በሩ ላይ ደርሶ «ጾመኛ ነኝ» ማለት አይሠራም። ቦታ ስትይዙ ጻፉላቸው። ቅምሻ በተራ የሚያቀርቡት እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ብሉ ኤሌፋንት ይሻላል። ዐቢይ ጾም ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ የማንጎ ወቅት ነው፤ ማንጎ ከሚያጣብቅ ሩዝና ከኮኮናት ወተት ጋር። እሱን ከበላሁ በኋላ የፋሲካው ዶሮ ብዙም አልናፈቀኝም።

ሙስሊም ወገኖች፣ እነዚህ ቤቶች ውስጥ አሳማ ሊኖር ይችላል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሐላሉ ናና ሰፈር ሞልቷል።

ስለ ገንዘብ። ሶርንና ፖቶንግ ለአንድ ሰው ከ5,000 ባት (የታይ ገንዘብ) በላይ ያስወጣሉ። ሜኑው ላይ ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ አገልግሎትና 7 በመቶ ቫት ይጨመራል ማለት ነው። 3,000 ባት ያላችሁት 3,531 ይሆናል። ብዙዎቹ ቦታ ሲያዝ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ከቀራችሁ ይቆርጣሉ። ታካሚ ይዛችሁ ከሆነ ይህን አስቡበት፣ የሐኪም ቀጠሮ እንደሚቀየር ታውቃላችሁና።

ማታ ታክሲ አትያዙ፣ መንገዱ አይንቀሳቀስም። ለብሉ ኤሌፋንት ከናና በባቡር ሲያም ላይ ቀይራችሁ ሱራሳክ ትወርዳላችሁ። ቁምጣና ነጠላ ጫማ ይቅር። ለትልቅ ሰው ደግሞ ጋቢ ቢጤ ያዙ፤ ውጪው እሳት ቢሆንም የቤቶቹ ኤሲ አይጣል ነው።