ከአሸዋ ያወጣሁት ጠፍጣፋ ትል አዲስ ዝርያ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

የአሸዋው ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጣሊያን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ሥራዬ ሊኛኖ ከሚባለው የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ አሸዋ እያመጣሁ በቅንጣቶቹ መሃል የሚኖሩ ጠፍጣፋ ትሎችን እለቅማለሁ። 1 ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። አንዱ ዓይነት ከየትኛውም ሥዕል ጋር አልገጥም አለኝ። ዓይን የለውም፤ ግንባሩ ላይ ግን አንዲት የምታበራ ክብ ነገር አለች። 30 የሚሆኑትን አልኮል ውስጥ ብከታቸው ተጨማደው ነጭ ነጥብ ሆኑ። ምን ይሻለኛል?

ላብ ነዋሪ፦ አይ ወንድሜ፣ ቸኮልክ! እነዚህ የሚታወቁት በሕይወት እያሉ ነው። አልኮል የገቡትን ግን አትጣል፣ ለዲኤንኤ ይሆናሉ። አሁን ሌላ አሸዋ አምጣ። 75 ግራም ገደማ ማግኒዚየም ክሎራይድ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጥና አሸዋው ላይ አፍስስ። 10 ደቂቃ ቆይ፤ ደንዝዘው አሸዋውን ይለቃሉ። አሽከርክረህ ውሃውን ብቻ በ63 ማይክሮን ወንፊት አጥልል፣ ወዲያው ወደ ባሕር ውሃ መልሳቸው።

ከዚያ አንዷን ስላይድ ላይ በጠብታ ውሃ አስቀምጥና በስስ መስታወት ክደናት። የሶፍት ጫፍ ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር አስነካ። ውሃው ሲመጠጥ መስታወቱ ቀስ እያለ ይጫናታል። መጀመሪያ ትቅበዘበዛለች፣ ኋላ ጸጥ ትላለች። ያኔ የውስጥ አካሏ ሁሉ ተዘርግቶ ይታይሃል። ቪዲዮ ቅረጽ፤ ብዙ ከጫንካት ትፈነዳለች።

እህተ ባሕር፦ ዓይን ከሌላት ማክሮስቶመም ሊኛኖ የምትባለዋ ጠፍጣፋ ትል አይደለችም። እሷ 2 ዓይን አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 የተሰየመችው በዚያው ቦታ ስም ነው፤ ዛሬ የታወቀች የላብራቶሪ እንስሳ ናት። ያንተዋ ግንባር ላይ ያለው የሚዛን ጠጠር ነው፣ ላይና ታችን የምትለይበት። እኔ ብሆን ፕሮሴሪያታ ወይም አሴላ ከሚባሉት የትል ምድቦች አንዱን እጠረጥራለሁ። (አሴላ ድሮ ከጠፍጣፋ ትል ይቆጠር ነበር፣ አሁን ከዘሩ ወጥቷል።) ጉሮሮዋን እይ። ቱቦ መስሎ ወደ ኋላ የሚያመለክት ከሆነ ፕሮሴሪያታ ናት። አሴላ ግን ክፍት አንጀት የለውም።

ዝርያውን ብዙ ጊዜ የሚለየው የወንዴው ብልት ጠንካራ መርፌ ነው። ርዝመቱን ለካ፣ ጉብጠቱን ሣል። ሁሉም ወንዴም ሴቴም ስለሆኑ ማንኛዋም የደረሰች ትል ትበቃለች።

ጋሽ ወንፊት፦ እኔ የምጨምረው፦ ያየሃትን ትል እዚያው ስላይዱ ላይ በላክቶፌኖል (ሥጋዋን ብርሃን አስተላላፊ በሚያደርግ ፈሳሽ) አስቀራት፣ መርፌው ጥርት ብሎ ይቆያል። ሌሎቹን በስሱ ተቆርጠው በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ በቡዌን ፈሳሽ (አካላቸው ቅርጹን እንዲይዝ በሚያደርግ ኬሚካል) ውስጥ ክተት፣ የተቀሩትን ለ18ኤስና 28ኤስ ጂን (ዝምድናን ለማነጻጸር ለሚነበቡ የዲኤንኤ ክፍሎች) አልኮል ውስጥ ክተት። ስም የማውጣቱ ነገር ይቆይ። መጀመሪያ የቅርብ ዘመዶቿን የድሮ ጽሑፎች አንብብ፤ በጀርመንኛ የተጻፉ ብዙ ናቸው፣ ቻለው። አዲስ ከሆነች ዋናዋ ናሙና ሙዚየም ትገባለች።

የአሸዋው ልጅ፦ ተባረኩ! ዛሬ 4 ጨፈለቅኩ፣ አንዷ ፈነዳችብኝ። ጉሮሮው ወደ ኋላ ነው። መርፌ ግን አጣሁ።

እህተ ባሕር፦ እንቁላል ታይቶሃል?

የአሸዋው ልጅ፦ ምንም።

እህተ ባሕር፦ በቃ ልጆች ናቸው። ተለቅ ተለቅ ያሉትን ለቅመህ ድገመው።