«ሳረጅ እቆርባለሁ» ማለት አክብሮት ነው ወይስ ቸልተኝነት?

አወያይ፦ የዐቢይ ጾም 5ኛው ሰንበት ደብረ ዘይት ነው። የሚነበበው ማቴዎስ 24 ሲሆን «ተዘጋጅታችሁ ኑሩ» የሚለው ቃል ያለው እዚያ ነው። በዚያው ዕለት በቁርባን ሰዓት ወደ መቅደሱ በር ብትመለከቱ ግን የምታዩት በእናቶቻቸው ክንድ ላይ ያሉ ሕፃናትንና ተቀብለው አፋቸውን በነጠላ የሸፈኑ አረጋውያንን ነው። መካከሉ ባዶ ነው። ምክንያቱን የምታውቁ ንገሩን፤ መፍትሔ ያላችሁም ጻፉ።

ሰንበት ተማሪ፦ እኔ ቸልተኝነት ነው እላለሁ። በማቴዎስ 25 አሥሩም ደናግል አንቀላፍተዋል፤ ሰነፎቹ የተለዩት በመተኛታቸው አይደለም፣ ዘይት ባለመያዛቸው ነው። ሙሽራው ሲመጣ ዘይት ሊገዙ ሄዱ፣ በሩም ተዘጋ። «ሳረጅ» የሚል ሰው ገበያው እስከዚያ እንደማይዘጋ ቆጥሯል። እርጅናን ደግሞ ማን ዋስ ሆኖለት ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ግን ፍርሃቱንም አትናቀው። 1ኛ ቆሮንቶስ 11 «ሰው ራሱን ይፈትን» ይላል። ካህኑም በቅዳሴው «ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ ግን አይቀበል» እያለ ያስጠነቅቃል። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል? በየቤቱ ደግሞ «አንዴ ከቆረብህ በኋላ ብትወድቅ ምሕረት የለህም» የሚል ወሬ አለ። ሐሰት ነው፤ ንስሐ ከቁርባን በኋላም አለ። ሰው የሚቀረው ግን በዚህ ወሬ ነው።

ሰንበት ተማሪ፦ እህቴ፣ የሚፈራ ሰው ይዘጋጃል እንጂ አይቀመጥም። በልጅነቱ 40 ቀን ሞልቶት (ሴት ከሆነች 80) ተጠምቆ የዚያኑ ዕለት ቆርቧል። እስከ 7 ዓመቱ ያለ ኑዛዜ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ነው የሚጠፋው፤ ያጣነው ያቺን ድልድይ ነው። ልጁ 7 ሲሞላው ንስሐ አባት ጋ ወስዶ የሚያስተዋውቅ ወላጅ ስንት ነው?

ቀሲስ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ትልቁን እንቅፋት አልነካችሁትም። ወደ እኔ ከሚመጡ ጎልማሶች ብዙዎቹ የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሳይሆን በውል ማለት ነው። ለመቁረብ ሁለቱም ንስሐ ገብተው፣ ቀኖናቸውን (ንስሐ አባት የሚሰጠውን ጾም፣ ጸሎትና ስግደት) ፈጽመው፣ ጋብቻቸውን በቁርባን ማጽናት አለባቸው (ተክሊል፣ ማለትም አክሊል የሚደፋበት ሥርዓት፣ ለደናግል ነው)። አንዱ ይፈልጋል፣ ሌላው «ቆይ» ይላል። «ቆይ» የሚለው ብዙ ጊዜ እግዚአብሔርን ፈርቶ አይደለም፤ ከቆረቡ በኋላ መፋታት ስለሌለ መውጫው እንዳይዘጋበት ነው። እንግዲህ የሚፈልገው ወገን ያለ ጥፋቱ ዓመታት ይቀራል።

የሁለት ልጆች እናት፦ አባታችን ይባርኩን። ታዲያ እምቢ ያለውን ማን ያነጋግረው? ካህኑ ቤት ድረስ ካልመጣ ሚስት ብቻዋን ባሏን አታሳምንም። አንድ ካህን በመቶ የሚቆጠሩ የንስሐ ልጆች ይዞ ሁሉም በሑዳዴ ሲመጡበት ማንን አዳምጦ ማንን ይተዋል?

ቀሲስ፦ ትክክል ነሽ፤ የእኛም ድካም አለበት። ስለዚህ የምመክረው በጥቅምት ወይም በግንቦት ኑ፣ ፋታ አለ። ኑዛዜ ሲመጣም «በሁሉም በደልኩ» ብሎ መሸፋፈን ሐኪም ፊት «ሁሉም ያመኛል» እንደማለት ነው። ኃጢአቱ በስሙ ይነገር። ሌላው ጥፋት ቀኖና ላይ ነው፤ ሰውየው በጋለ ስሜት ከአቅሙ በላይ ስግደት ይጠይቃል፣ በሳምንቱ ያቋርጣል፣ ከዚያ አፍሮ አይመለስም። ከከበደህ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ይቀየርልሃል። በራስህ ማቋረጥ ነው የሚያርቀው።

ዲያቆን፦ በተግባር ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። ከመቁረብ በፊት ያለው ጾም 18 ሰዓት ነው፤ ውኃም ጭምር። ከእኩለ ሌሊት አይቆጠርም። የእሑድ ቅዳሴ ጠዋት 3 ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም። በጾም ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነ የመጨረሻው ምግብ የዋዜማው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ፤ አስቀድሞ ንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ያማክር። ባለትዳሮች ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ መኝታ ይለያሉ። ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት መድረስ ያስፈልጋል፤ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ሮጦ ገብቶ ሰልፍ መያዝ አይገባም። ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል (መስቀል ባለው ማንኪያ) ደሙን ካቀበሉ በኋላ የቅዳሴ ጠበል ይጠጣል። የዚያን ዕለት መትፋት፣ ገላ መታጠብ፣ መስገድ፣ ሩቅ መንገድ መሄድ የለም።

ከሳዑዲ፦ እኔ ያለሁበት አገር ቤተ ክርስቲያን የለም። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ዝግጅት ምንድን ነው? ነው ወይስ ክርክሩ ደጀ ሰላም ቅርብ ለሆነለት ብቻ ነው?

ቀሲስ፦ ልጄ፣ ለእናንተም ነው። ምክር በስልክ ይቻላል። ፍትሐቱን (ካህኑ ከኃጢአት የሚፈታበትን ጸሎት) ግን በአካል ስትገናኙ መቀበል ነው እኔ የምይዘው። እስከዚያው ረቡዕና ዓርብን መጾም፣ ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ማድረስ፣ ጠዋት በነግህና ማታ ከመኝታ በፊት በንዋም አቡነ ዘበሰማያት። ሰባቱን የጸሎት ሰዓት ልያዝ ብለሽ በሦስተኛው ቀን ከምትጥዪው ሁለቱን ያዢ።

የሁለት ልጆች እናት፦ አንድ ነገር ልጨምር። በየእሑዱ የሚቆርበውም ሊያንቀላፋ ይችላል። ቂም ይዞ ለ18 ሰዓት መጾም፣ ጎረቤቱን ሳያናግር መቅረብ የተለመደ ሲሆን ሰልፉ ውስጥ መኖር ብቻውን ንቁ አያሰኝም።

ሰንበት ተማሪ፦ እሱን እቀበላለሁ፤ ማቴዎስ 5 መባህን ትተህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ግን ታርቆ ተመልሶ መባውን እንዲያቀርብ ነው የታዘዘው፤ ተመለስ የሚለውን ክፍል ነው የረሳነው።

አወያይ፦ የሰማንያው ጉዳይ አልተቋጨም። አንደኛው ወገን ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር ሰበካ ጉባኤው ምን ሊያደርግ ይችላል? በየደብራችሁ የሚሠራበት መንገድ ካለ ጻፉ።