ቪዳል ሪአክቲቭ ማለት ታይፎይድ አለ ማለት ነው? (ድሬዳዋ)

ጠያቂ (ሳቢያን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴን ከትላንት በስቲያ ጀምሮ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና መገጣጠሚያ ቁርጥማት ይዟታል። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፣ የወባ ደም ፊልም ኔጌቲቭ፣ ቪዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ደግሞ ኦ 1:80 ሪአክቲቭ ብለው ታይፎይድ ነው ተባለ አንቲባዮቲክም ታዘዘላት። ባሏም ምንም ሳያመው አብሯት ተመረመረና እሱም ሪአክቲቭ ሆነ! እሱም መድሃኒት ይጀምር ወይስ ምርመራው ይሳሳታል? ጨንቆናል።

መልስ፣ ላብራቶሪ የምሰራ፦ አብሽሪ። ቪዳል ባክቴሪያውን አያይም፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሰራውን አንቲቦዲ ነው የሚያየው። ሴረሙን (ከደሙ የሚለየውን ጠራ ያለ ፈሳሽ) ስላይድ ላይ ጠብ አርገን ሰማያዊውን የኦ አንቲጅን (ከባክቴሪያው የተዘጋጀ ፈሳሽ) ጨምረን እናወዛውዘዋለን፣ ከተቋጠረ ሪአክቲቭ ብለን እንጽፋለን። ድሮ ታሞ የዳነም ሌላ ሳልሞኔላ (የታይፎይድ ባክቴሪያ ዘመድ) የነካውም፣ ወባ ያለበት ሰው ራሱ ሊቋጠርበት ይችላል። 1:80 (ሴረሙ 80 እጥፍ ቀጥኖም ይቋጠራል ማለት ነው) ደግሞ እኛ አገር ጤነኛ ሰው ላይም የሚገኝ ነው። ባልየው ካላመመው በዚህ ወረቀት ብቻ መድሃኒት አይጀምር። የሚሻለው የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ ማየት) ነው፣ እሱም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፣ ግን ካልቸርም የሚያመልጠው አለ።

መልስ፣ ከዚራ፦ እኔ በቁጥር ላሳይሽ፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። 1000 ሰው ተመረመረ በይ፣ እውነት ታይፎይድ ያለበት 20 ነው። ምርመራው ካለባቸው 80% ይይዛል፣ 16 ሰው ማለት ነው። ከሌለባቸው 980 ውስጥ ደግሞ 10% በስህተት አለባችሁ ካለ 98 ሰው። ስለዚህ ሪአክቲቭ ከተባለው 114 ሰው እውነተኛው 16 ብቻ፣ ከሰባት አንድ ገደማ! ሳያመው የሚመረመር ሰው ሲበዛ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም በሽታው ያለባቸው ጥቂት ናቸው።

መልስ፣ ለገሃሬ፦ አቦ ደንጊንስ (በትንኝ የሚተላለፈውን የቫይረስ በሽታ) ለምን ረሳችሁት? ድሬ ላይ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንቴ ገብቷል፣ ትኩሳትና ቁርጥማት ደግሞ ዋና ምልክቱ ነው። እስኪጣራ አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክ መርፌም አስፕሪንም እንዳትወስድ ደም ያስፈሳል፣ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ይበቃታል።

ጠያቂ፦ ደንጊ ምርመራው አሁን ቢሰራ ያሳያል?

መልስ፣ ላብራቶሪ የምሰራ፦ አሁን የቫይረሱን ፕሮቲን የሚያየውን ኤንኤስ1 የሚባለውን ምርመራ ጠይቁ። አይጂኤም (ሰውነት ለደንጊ የሚሰራው አንቲቦዲ) ገና ነው፣ አምስተኛ ቀን ገደማ ነው መታየት የሚጀምረው፣ ዛሬ ኔጌቲቭ ቢል የለም ማለት አይደለም። ትኩሳቱ ካልለቀቃት የወባውን ፊልምም ነገ ድገሙላት፣ ጥገኛው ትንሽ ሲሆን አንድ ፊልም ላይ ያመልጣል። ሆዷን አጥብቆ ካመማት፣ ትውከቱ አልቆም ካለ ወይ ከድዷ ደም ከታየ ግን ውጤት ሳትጠብቁ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ በተለይ ትኩሳቱ በረድ ሲልላት ተሻላት ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ደንጊ ከሆነ የሚከፋው ያኔ ነው።